ባለ አንድ ማርሽ ማውንቴን ሳይክል፣ ለጅሩ መረሬና ለኛ ኪስ

ሰሞኑን ልጆች ኢንቦክስ እያረጉ "ያንተን አይነት ሳይክል የት ይገኛል፣ ስንት ይፈጃል" ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልዘርግፈው ብዬ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ፣ የኔ ሳይክል እንዲህ ሆኖ የተገዛ አይደለም፣ እንደ ብዙ ሰው ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ሳይክል ነበር፣ አሁን ባለ አንድ ነው። ሲንግል ስፒድ ይሉታል። ከድሮው ይሻላል ወይ ካላችሁኝ ለኔ አዎ፣ በጣም ይሻላል፣ ለምን እንደሆነ ደሞ በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ሰው ስንት ወር ያጠራቀመውን ብር ማይረባ ነገር ላይ ሲያፈስ ሳይ ያንገበግበኛል።

ምሰራው ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ነው፣ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ዲኤ ማለት የግብርና ልማት ሰራተኛ ነኝ። ጅሩን ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የተንጣለለ ሜዳ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በየግቢው ደሞ ሚቀለብ በሬ፣ አዲስ አበባ በበአል ሰሞን "የጅሩ ሰንጋ" እየተባለ ሚጠራው። ያ ሁሉ በረከት ሚመጣው ከመረሬው፣ ከጥቁሩ አፈር ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ጎማ ያስገባል፣ ክረምት ሲመጣ ደሞ ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና ሙጫ ይሆናል፣ ቦቲ ጫማ ከእግር ያወልቃል። እና የኔ ስራ ከማሳ ማሳ መሄድ ነው፣ ሞተር የለኝም፣ ሳይክል ነው ያለኝ።

አምና ሐምሌ ውስጥ ከአንድ ማሳ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። እንደምንም እየረገጥኩ ትንሽ ሄድኩ፣ ጭቃው ጎማውና ፍሬሙ መሃል ሞላ፣ ከዛ ማርሽ መቀየሪያው፣ ያ ከኋላ ጎማ ጎን ተንጠልጥሎ ካቴናውን እየወጠረ ከጥርስ ወደ ጥርስ ሚያሻግረው ነገር፣ ጭቃና ገለባ ጠቀለለና ተጠማዞ ራጂ፣ ማለት ቸርኬውን ከመሃሉ ሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ውስጥ ገባ። አራት ራጂ በጠሰ፣ የተሰቀለበትንም ጆሮ ቆለመመው። ከዛ በኋላ ሳይክሉ መንዳትም መግፋትም ሚቻል አልነበረም፣ በትከሻዬ ተሸከምኩት። እየጨለመ ሲመጣ አንድ አባት ቤት ገባሁ፣ ቀበሌው ሁሉ አባባ ሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ውሃ አስቀዱልኝ፣ ቆሎ ቀረበልኝ፣ ጭቃውን እያጠብን ጎንበስ ብለው አዩትና "ልጄ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርግልሃል? ጎማውን ሚያዞረው አንዱ ሰንሰለት አይደል እንዴ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ተኝቼ ሳስበው ከ21ዱ ውስጥ በእውነት ምነካው ሶስት ወይ አራቱን ነው።

ይሄን 21 ሚባል ነገር ትንሽ እንየው፣ ምክንያቱም ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ሚነግሯችሁ እሱን ነው። የፊት 3 ባለ ጥርስ ክብ በኋላ 7 ተባዝቶ ነው 21 ሚመጣው። የኔ የፊቱ በጥርስ ብዛት 42፣ 34 እና 24 ነበር፣ የኋላው ከ14 እስከ 28። አሁን የፊቱን ለኋላው ስታካፍሉ፣ 42ን ለ24 አካፍሉት 1.75 ነው፣ 34ን ለ20 አካፍሉት 1.7 ነው፣ 24ን ለ14 አካፍሉት 1.71 ነው። ሶስቱም እግር ላይ አንድ ናቸው! ሶስት ተብለው ይቆጠራሉ እንጂ አንድ ማርሽ ናቸው። እንደዚህ ሚደራረቡትን ስታወጡ ደሞ ካቴናው በጣም ተንጋዶ ሚሄድባቸውን፣ ማለት የፊት ትልቁ ከኋላ ትልቁ ምናምን፣ እነሱንም ስታወጡ የቀረው በጣም ትንሽ ነው። እና ዋጋው ዝቅ ያለ ሳይክል ላይ ይሄን ሁሉ ማርሽ ሲደረድሩበት ብሩ ከሆነ ቦታ መቀነስ አለበት፣ ሚቀነሰው ደሞ ከቸርኬው፣ ከኩሽኔታው፣ ከፍሬኑ ነው። ህይወታችሁ ያለበት ቦታ ማለት ነው።

ራጂውን ላሰራ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት፣ ጠባሴ አካባቢ ሳይክል ሚሰሩ ጋሼ አሉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነው ምሄደው። መቀየሪያውን አዩት፣ አጣመሙት፣ መልሰው አቃኑት፣ ከዛ "ይሄ ይቃናል ግን መስከረም ሳይጠባ ትመለሳለህ፣ ለምን አላወልቀውም?" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ያኔ ነው የተጀመረው።

እንግዲህ ሳይክል ልትገዙ ከሆነ፣ በተለይ ያገለገለ ገዝታችሁ ባለ አንድ ልታረጉት ከሆነ፣ ከሁሉም በፊት ምታዩት ቀለሙን አይደለም፣ ሻጩ "የአውሮፓ እቃ ነው" ሲላችሁም አትስሙት፣ ሂዱና ጎንበስ ብላችሁ የኋላ ጎማው አክስ የገባበትን ክፍተት እዩ። በሁለት አይነት ይመጣል። አንደኛው ወደ ጎን የተጋደመ ነው፣ ዳዶውን ስታላሉት ጎማው ወደ ኋላ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተከፈተ ነው፣ ጎማው አንድ ቦታ ብቻ ነው ሚቀመጠው። ለምን ይሄን ያህል አስፈላጊ ሆነ ካላችሁ፣ ካቴና መወጠር አለበት። ባለ ብዙ ማርሹ ላይ ሚወጥረው መቀየሪያው ነው፣ እሱን ካወለቃችሁት ሌላ ወጣሪ ያስፈልጋል፣ የተጋደመው ክፍተት ካለ ግን ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ማጥበቅ ነው፣ አለቀ። አሮጌ የብረት ፍሬሞች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ አዲሶቹ ግን አብዛኞቹ ወደ ታች የተከፈተው ናቸው። የኔ አሮጌ በመሆኑ እድለኛ ነኝ።

ወደ ታች የተከፈተ ከሆነባችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ያንኑ የተወለቀውን መቀየሪያ መልሳችሁ እንደ ወጣሪ መጠቀም ይቻላል፣ ካቴናውን አሳጥራችሁ፣ ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች አጥብቃችሁ አንድ ቦታ ላይ እንዲቆም ታረጉታላችሁ፣ የእጁን ሽቦ ምናምን ሁሉ ትጥላላችሁ። ብር አያስወጣም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ነገር እዛው ተንጠልጥሎ እስካለ ድረስ ጭቃ መጠቅለሉ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለምትነዱ ይበቃል፣ ለመረሬ ግን የተጋደመውን ፈልጉ፣ ሁለት ሳምንት ብትጠብቁም ጠብቁ።

ቀጥሎ ምታዩት የኋላው ጥርስ ሞዞው ላይ፣ ማለት ቸርኬው መሃል ራጂው ሚሰካበት ቱቦ ላይ፣ እንዴት እንደታሰረ ነው። ርካሽ ሳይክሎች ላይ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ እንደ ዳዶ ዞረው ሞዞው ላይ ይጠብቃሉ፣ ፍሪዊል ይባላል፣ ፔዳል ሳትረግጡ ሚንጫጫውም ያው ውስጡ ነው። ጥሩ ዜናው የቢኤምኤክስ ፍሪዊል፣ ያ የልጆች ሳይክል ላይ ያለው አንድ ጥርስ፣ ሞዞው ላይ ዞሮ ሚጠብቅበት ቦታ ተመሳሳይ ስለሆነ እዛው ላይ ይገጥማል። ስለዚ ከተጣለ የልጆች ሳይክል 16 ወይ 18 ጥርስ ማግኘት ከባድ አይደለም። ችግሩ ማውለቁ ነው። ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ይበልጥ ሚጠብቅ ነገር ነው እኮ፣ ስንት አመት ሲረገጥ የኖረ ፍሪዊል በቀላሉ አይለቅም፣ የራሱ ማውለቂያ አለው፣ እሱን ከትክክለኛው ቁጥር ጋር ካልያዛችሁ ጥርሱን ትሸርፉትና ሞዞውም ይበላሻል። የኔን ጋሼ በሞርሳ አስረው ቸርኬውን እንደ መሪ ይዘው ነው ያዞሩት፣ ሁለት ሰው ፈጀ።

ሌላው ደሞ መስመሩ። የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፣ ከኋላ ቆማችሁ በአንድ አይን ስታዩ ካቴናው እንደ ክር ቀጥ ማለት አለበት። ያ አንድ ፍሪዊል ሞዞው ላይ ሲታሰር ወደ ራጂው ጠጋ ብሎ ነው ሚቀመጠው፣ ስለዚ አክሱ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዛውሮ፣ ቸርኬውን በራጂ መልሶ መሃል ማምጣት ያስፈልግ ይሆናል፣ ጋሼ እንደዛ ነው ያደረጉት። አዲስ አይነቱ ሞዞ ላይ፣ ካሴት ሚባለው ላይ፣ አንዱን ጥርስ ትታችሁ በግራና ቀኙ ቀለበት እየደረደራችሁ መስመሩን እንደፈለጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ በጣም ይቀላል፣ ግን ያ ሞዞ ያለው ሳይክል ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ የፊቶቹን ሶስት ጥርሶች አላወለኳቸውም፣ የርካሽ ሳይክል ፔዳል ጥርሶች አንድ ላይ ተበይደው ወይ ተቀጥቅጠው ስለሚመጡ አይለያዩም፣ መሃለኛውን 34 ነው ምጠቀመው፣ ትልቁ ውጪ ስላለ ካቴናው በዛ በኩል እንዳይወድቅ ይጠብቃል፣ ሱሪዬንም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ስንት ጥርስ? እዚህ ላይ ነው ሰው ሚሳሳተው፣ እኔም ተሳስቻለሁ።

ብዙ ሰው 26 ኢንች ጎማ ላይ ሁለት ለአንድ ነው ሚለው፣ ማለት የፊት 32 የኋላ 16። የ26 ኢንች ወፍራም ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል፣ ስለዚ በ32 ለ16 አንድ ሙሉ ፔዳል 4.1 ሜትር ያስኬዳችኋል። በ32 ለ18 3.7 ሜትር፣ በ32 ለ20 3.3 ሜትር። 29 ኢንች ጎማ ሲሆን ደሞ አንዱ ዙር 2.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ32 ለ20 ራሱ 3.7 ይሆናል፣ ስለዚ ትልቅ ጎማ ያለው ሳይክል ከገዛችሁ የኋላውን ጥርስ በሁለት ጨምሩበት። ሁለት ለአንድ የተባለው ግን ለኛ አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቆላ ላይ ሚቻል ማርሽ እዚህ ደረት ይዘጋል። በዛ ላይ ነፋሱ! የካቲት መጋቢት ላይ ከሰአት በኋላ ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳ ላይ ዳገት የምትወጡ ነው ሚመስላችሁ።

እኔ መጀመሪያ 16 ጥርስ ነው ያስገጠምኩት፣ የተገኘው እሱ ስለሆነ፣ 34 ለ16 ሲሆን 4.4 ሜትር ማለት ነው። ጅሩ ሜዳ ላይ በደረቁ እንደ ንፋስ ነው ሚሄደው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ወደ ጀማ ሸለቆ ጠርዝ ያሉትን ቤቶች ልጎበኝ ስሄድ ግን፣ ወይም እርጥብ አፈር ላይ፣ ቆሜ ሙሉ ክብደቴን ስጥልበት ራሱ አልዞር ይላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ይሄን ቀላል እንዳታዩት። ከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መርገጥ ጉልበት ይጎዳል፣ ካመማችሁ የኋላውን ጥርስ ከፍ አርጉ፣ ሳትዘገዩ። ጋሼ ጋ ተመልሼ በ18 ቀየርኩት፣ 3.9 ሜትር ሆነ፣ ህመሙ በ10 ቀን ጠፋ። አንድ ጥርስ ስትጨምሩ ጎማው ወደ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ሚጠጋው፣ ስለዚ በሁለት ጥርስ ልዩነት ካቴናውን መቁረጥም መቀጠልም ሳያስፈልግ በዛ በተጋደመው ክፍተት ብቻ ይስተካከላል። ለዘንድሮ ክረምት ደሞ 20 እየፈለኩ ነው። ለጀማሪ ምመክረው ይሄ ነው፣ በ26 ጎማ የፊት 32 ወይ 34 የኋላ 18፣ ከበድ ካላችሁ 20። ሜዳ ላይ እግራችሁ ባዶ ሚሽከረከርበት ጊዜ ይኖራል፣ አስፋልት ላይ ጓደኛችሁ በማርሽ ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ይሂድ። የጠና ዳገት ላይ ደሞ መውረድና መግፋት አለ። እኔ እገፋለሁ፣ ገበሬውም ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ እንዲያውም እየገፋሁ ማሳውን ጎን ለጎን በደንብ አየዋለሁ።

ፍሬሙ ብረት ቢሆን እመርጣለሁ። አሉሚኒየም ቀላል ነው አይካድም፣ ግን ከተሰነጠቀ እኛ ጋ ያለው ተራ ብየዳ አይሰራውም፣ ብረት ግን እነዋሪም ሆነ ደነባ በያጅ አታጡም። ስትገዙ መሪው የሚገባበት ቱቦ ስር፣ ፔዳሉ ያለበት መገጣጠሚያ አካባቢና ኮርቻው ስር ያለውን በደንብ በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩ፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር የተሰነጠቀ መስመር ካለው ተዉት። ደሞ ጎማውና ፍሬሙ መሃል አውራ ጣታችሁን አስገቡ፣ በሁለቱም ጎን ካልገባ የመረሬ ሳይክል አይደለም። ሰው ጭቃ ሲባል ሰፊ ጎማ ይመስለዋል፣ ለሚያጣብቅ ጭቃ ግን በሰፊ ፍሬም ውስጥ ጠበብ ያለ ጎማ፣ 1.95 ምናምን፣ ጥርሶቹ ራቅ ራቅ ያሉ፣ እሱ ነው ጭቃውን እየጣለ ሚሄደው።

የፊት ሹካ ላይ ስፕሪንግ አትፈልጉ። ርካሹ ስፕሪንግ ከባድ ነው፣ ሁለት ክረምት ካለፈው ውስጡ ይዝግና ይደርቃል፣ ከዛ ክብደቱ ብቻ ነው ሚቀረው። ባለ አንድ ማርሽ ደሞ ዳገት ላይ ቆማችሁ ነው ምትረግጡት፣ ስትቆሙ ስፕሪንጉ ወደ ታች እየጠለቀ ጉልበታችሁን ይበላል። ድፍን ብረት ሹካ ይሻላል። የተረፈውን ብር ፍሬን ላይ አውሉት። የተለመደው ቸርኬውን ጨምቆ ሚይዘው ፍሬን መለዋወጫው የትም አለ፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ግን የመረሬ ጭቃ ውስጡ አሸዋ ሲኖረው የፍሬኑን ጎማም ቸርኬውንም ይሞርደዋል፣ እኔ በየሳምንቱ አጥባለሁ፣ ቸርኬው ወደ ውስጥ ሰርጎ እንደሆነ በጣቴ አያለሁ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ምትወርዱ ሰዎች ከሆናችሁ በሽቦ ሚሰራ ዲስክ ፍሬን ያለው ፈልጉ፣ ዘይት ሚጠቀመውን ግን ተዉት፣ ዘይቱን ሚቀይርላችሁ ሰው ታጣላችሁ።

ከውጭ ሰው ሚመጣላችሁ ካላችሁ ተዘጋጅቶ ሚሸጥም አለ፣ ሬድላይን ሞኖኮግ ሚባለው በቅናሽነቱ ስሙ የተነሳ ብረት ፍሬም ነው፣ ያገለገለ ይገኛል፣ ኮና ዩኒት ደሞ ብረት ሆኖ የኋላው መያዣ ራሱ ሚንሸራተት ነው። ቆንጆ ናቸው ግን ዋጋቸው ከኔ አቅም በላይ ነው፣ በዛ ላይ መለዋወጫ። ይልቅ እኔን ያፅናናኝ ቡፋሎ ሚባለው ሳይክል ነው፣ ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ የተባለ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሰረተ ድርጅት ለአፍሪካ ገጠር ብሎ ያሰራው፣ የብዙዎቹ ማርሽ አንድ ነው፣ ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡ ሚይዝ፣ ራሱ ከ20 ኪሎ በላይ ሆኖ 100 ኪሎ ሚጭን። ያን ያህል አስበው፣ ለተማሪ፣ ለጤና ሰራተኛ፣ ለገበሬ ብለው ሲሰሩ አንድ ማርሽ ነው የመረጡት። አባባም ያሉት እሱን ነው።

ወጪውን ስለጠየቃችሁኝ፣ ሳይክሉ የራሴ ስለነበር እኔ ያወጣሁት ፍሪዊሉን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አዲስ ወፍራም ካቴና፣ አራት ራጂና የጋሼን ድካም ነው፣ ተደምሮ 2,600 ብር። ያቺን ብር መቀየሪያውን አዲስ ባስገጥም ኖሮ አወጣት ነበር፣ ለአንድ ክረምት። እናንተ ከዜሮ ምትጀምሩ ከሆነ ማርሹ የተበላሸበት ያገለገለ ሳይክል ፈልጉ! ሻጩ "ማርሹ ትንሽ ያስቸግራል" ብሎ ዋጋ ሚቀንስላችሁን፣ ለናንተ ያ ምንም ማለት አይደለም፣ ለማንኛውም ልትጥሉት ነው። ቸርኬው አንስታችሁ ስታሽከረክሩት ካልተወላገደ፣ አክሱን ይዛችሁ ስትነቀንቁት ካልተንገጫገጨ፣ ግዙት።

ካቴናውን ሲገጥሙላችሁ መሃሉን በጣት ስትጫኑት ወደላይ ወደታች 1 ሳንቲም ያህል መጫወት አለበት። በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከላላ ይወድቃል፣ ያውም ቆማችሁ ስትረግጡ ነው ሚወድቀው፣ ጥርስ ሚያስወልቅ ነገር ነው። ፔዳሉን ሙሉ ዙር እያዞራችሁ ለኩት፣ ጥርሶቹ ፍፁም ክብ ስላልሆኑ አንድ ቦታ ሚጠብቅ ሌላ ቦታ ሚላላ ይኖራል፣ በሚጠብቅበት ቦታ ለኩ። እርጅናውን ደሞ በማስመሪያ ታውቁታላችሁ፣ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 24 ቁልፍ ቆጥራችሁ እስከ መጨረሻው ፒን መሃል 30 ሳንቲም ከ5 ሚሊ ገደማ ነው አዲስ ሲሆን፣ ወደ 30 ሳንቲም ከ7 ሚሊ ከሄደ ቀይሩት፣ ካልቀየራችሁት ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል። ከመረሬ ስትገቡ ጭቃውን እርጥብ እያለ እጠቡት፣ ከደረቀ ሸክላ ነው፣ ከዛ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ትንሽ ዘይት፣ የተረፈውን መልሳችሁ ጥረጉ። እኔ ማታ እራት እስኪደርስ ነው ምሰራው፣ ሩብ ሰአት አይፈጅም።

ከጠየቁኝ ልጆች አንዱ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሳይክል ፎቶ ላከልኝ፣ ቀይ፣ 26፣ ብረት፣ መቀየሪያው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። "የኋላውን ክፍተት ፎቶ አንሳልኝ ስትለኝ አልገባኝም ነበር" ብሎ ሁለተኛ ፎቶ ላከ፣ አየሁት፣ የተጋደመ ነው! ዛሬ ከፍሎ ወስዶታል። ቅዳሜ ጠዋት ውርጩ ሲነሳ ጠባሴ እንገናኛለን፣ ፍሪዊሉን እናወልቃለን፣ ሞርሳው ላይ ቸርኬውን ሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔ እይዝለታለሁ።